ጽሑፉ ከቦታው ሲበልጥ፦ አማርኛን በገጹ ልክ የማስገባት ሥራ

መጽሔቱ 16 ገጽ ነው ከተባለ 17 ገጽ አይሆንም። ጽሑፍ የሚያመጡ ብዙ ሰዎች ይህን አያውቁም። መሐሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የሚሠራው ወረቀት ለሁለት እየታጠፈ ነው። አንድ የታጠፈ ወረቀት ፊትና ጀርባው ሲቆጠር አራት ገጽ ይሰጣል። ስለዚህ ገጹ የሚጨምረው በአራት በአራት ነው። ከ16 ቀጥሎ ያለው 20 ነው። ለአንዲት ትርፍ አንቀጽ ብሎ አራት ገጽ የሚያሳትም ኮሚቴ ደግሞ የለም።

ደብረ ማርቆስ ላይ የትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የወረዳ ዜና መጽሔት ሲወጣ፣ ሞጣ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በራሪ ወረቀት ሲያሳትሙ፣ ባሕር ዳር ላይ የምረቃ መጽሔት ሲሰናዳ፣ ጭቅጭቁ አንድ ዓይነት ነው። ጸሐፊው "ከጽሑፌ አንድም ቃል እንዳይነካ" ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ "ቦታ የለም" ይላል። በመጨረሻ ፊደሉ እንዲያንስ ይደረጋል። መጽሔቱ እጃቸው የሚገባ አባቶችና እናቶች ገጹን ከዓይናቸው እያራቁና እያቀረቡ ይቸገራሉ።

ይህ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ጽሑፍን በቦታው ልክ ማድረግ የአርታዒ ሥራ ነው። ፊደል አሳንሶ የሚያስገባ ሰው ችግሩን ወደ አንባቢው ዓይን አዛወረው እንጂ አልፈታውም። ሶፍትዌሩ ስንት መስመር እንደተረፈ ይነግረናል። የትኛው መስመር ይውጣ የሚለውን ማሰብ ያለበት ሰው ነው። አማርኛ ደግሞ በዚህ ሥራ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ለእንግሊዝኛ የተጻፈ ምክር እንዳለ ቢወሰድ ብዙ ቦታ ላይ አይሠራለትም።

የተደበቀው መስመር

ከአደጋው ልጀምር። የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ጽሑፍን የሚያስቀምጡት በሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ሲሞላ የተረፈው ጽሑፍ ከፋይሉ አይጠፋም። ግን አይታይም፤ አይታተምም። ኢንዲዛይን ላይ ከሳጥኑ ግርጌ በስተቀኝ ቀይ የመደመር ምልክት ይወጣል። ነፃ የሆነው ስክራይበስ ላይ እዚያው አካባቢ ትንሽ ካሬ ውስጥ የኤክስ ምልክት ይታያል። ገጹን አሳንሶ የሚሠራ ሰው ይህችን ምልክት ሳያያት ማለፉ በጣም ቀላል ነው።

በአማርኛ ይህ የበለጠ ያስፈራል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ የዕድር ደንብ እንዲህ ይላል እንበል፦ "አባሉ መዋጮውን አንድ ወር ሳይከፍል ቢቀር ከዕድሩ የሚሰረዘው ወዲያውኑ አይደለም።" የመጨረሻዋ ቃል ከሳጥኑ ውጭ ብትቀር የሚታተመው "ከዕድሩ የሚሰረዘው ወዲያውኑ" የሚለው ይሆናል። አንባቢው "ነው" ብሎ በልቡ ይጨርሰዋል። ደንቡ ተገለበጠ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ አሉታው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ስለሚመጣ ጫፉ ቢቆረጥም ሐሳቡ የመትረፍ ዕድል አለው። በእኛ ቋንቋ ግን ፍርዱ ያለው ጫፉ ላይ ነው።

ስለዚህ ኢንዲዛይን የሚጠቀም ሰው በመስኮቱ ግርጌ ያለችውን የፕሪፍላይት ነጥብ ማየት ይልመድ። አረንጓዴ ከሆነች ደህና ነው። ቀይ ከሆነች አንድ ነገር ጎድሏል፤ ያልገባ ጽሑፍ፣ የጠፋ ፎንት ወይም የጠፋ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ነጥቧን ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጓት ችግሩ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ዘርዝራ ታሳያለች። የተደበቀውን ጽሑፍ ለማንበብ ደግሞ ጠቋሚውን ጽሑፉ ውስጥ አድርጎ ኮንትሮልና ዋይ መጫን ነው። ስቶሪ ኤዲተር የሚባለው መስኮት ይከፈታል። ጽሑፉ ያለ ጌጥ ይታያል፤ ሳጥኑ የት ላይ እንደሞላም ምልክት ተደርጎበታል። ከምልክቱ በታች ያለው ሁሉ ቤት የሌለው ጽሑፍ ነው።

ስንት እንደተረፈ በቁጥር ማወቅ ከፈለጉ ኢንፎ የሚባለውን ሰሌዳ ይክፈቱ። ኤፍ8 ሲጫኑ ይመጣል። የፊደሉን፣ የቃሉን፣ የመስመሩንና የአንቀጹን ብዛት ይነግራል። የተረፈውን ከመደመር ምልክት ጋር ለይቶ ያስቀምጠዋል። እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የምፈልገው ቁጥር የተረፈው መስመር ነው። "ትንሽ በዝቷል" እና "ዘጠኝ መስመር በዝቷል" በጣም ይለያያሉ። በሁለተኛው ላይ ተነጋግሮ መስማማት ይቻላል።

ከመቁጠር በፊት ማጽዳት

ጽሑፍ ከተለያየ ሰው ሲመጣ የተለያየ ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ በስልክ ጽፎ በቴሌግራም ይልካል። ሌላው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያስተይባል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር አሁንም የድሮውን ቪዥዋል ግዕዝ ሊጠቀም ይችላል። የዚያ ፎንት ጽሑፍ ከውስጡ ሲታይ ግዕዝ አይደለም። የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች የግዕዝ መልክ ለብሰው ነው። ወደ ዘመናዊ ፎንት ሲቀየር ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ የገባው በአውሮፓውያኑ 1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉን ወደ ዩኒኮድ አምጥቶ መሥራት ይቻላል። መቀየሪያ ፕሮግራሞችም አሉ። ይህ ሳይደረግ መስመር መቁጠር ከንቱ ድካም ነው፤ ፎንቱ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል።

ሁለተኛው ነገር አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው "።" የሚለውን አንድ ምልክት መጻፍ ሲገባው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ "፡፡" ይሆናል። ለዓይን ያው ይመስላል። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። መስመሩ ሲሞላ አንዷ ነጥብ ወደሚቀጥለው መስመር ልትወርድ ትችላለች። ቦታም ይበላል። አንዳንዱ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ ይመታል። ፈልጎ በመተካት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ "።" ማስተካከል ይቻላል። ድርብ ክፍተትና ከአራት ነጥብ በፊት የገባ ክፍተትም በዚሁ መንገድ ይጸዳል። ረጅም ጽሑፍ ላይ ይህ ብቻውን ጥቂት መስመር ያተርፋል፤ ያውም አንድ ቃል ሳይነካ።

ለጸሐፊው ቦታውን ቀድሞ መንገር

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ጸሐፊው ልኩን ስላልተነገረው ነው። "አንድ ገጽ ጻፍልን" ማለት ምንም ማለት አይደለም። በስንት ፊደል? በስንት ዓምድ? ፎቶ አለው? እስኪ አንድ ገጽ አብረን እናስላ።

ወረቀቱ ኤ4 ነው፤ 210 በ297 ሚሊ ሜትር። በአራቱም በኩል 20 ሚሊ ሜትር ኅዳግ ስንተው የሚጻፍበት ቦታ 170 በ257 ይሆናል። ሁለት ዓምድ እናድርገውና በመሐላቸው 6 ሚሊ ሜትር እንተው። እያንዳንዱ ዓምድ 82 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ፊደሉ 11 ነጥብ፣ ከመስመር እስከ መስመር ያለው ርቀት 14 ነጥብ ይሁን። ነጥብ የምንለው የማተሚያ ቤት መለኪያ ሲሆን 72ቱ አንድ ኢንች ነው። 257 ሚሊ ሜትር ወደ 728 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ለ14 ሲካፈል 52 መስመር። ሁለቱ ዓምዶች 104 መስመር ይይዛሉ።

አሁን መቀነስ ነው። ርዕሱ በሁለቱም ዓምድ ላይ ተዘርግቶ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት መስመር ቢወስድ አሥር ሄደ። በአንድ ዓምድ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፎቶ ብናስገባ 17 መስመር ይበላል። የፎቶው መግለጫና ክፍተቱ ሲጨመር 20 እንበለው። 74 ቀረ። እያንዳንዱ አንቀጽ የመጨረሻ መስመሩን ሙሉ አይጠቀምም። ስምንት አንቀጽ ካለ በአማካይ አራት መስመር ያህል ባዶ ይቀራል። የቀረው 70 መስመር ነው።

በአንድ መስመር ስንት ቃል ይገባል? ይህን ከሰው አትጠይቁ። በምትጠቀሙበት ፎንት የተጻፈ አሥር ሙሉ መስመር ወስዳችሁ ቃሉን ቁጠሩና ለአሥር አካፍሉ። በዚህ ስፋት ስድስት ቃል አካባቢ ቢወጣ አይገርምም። 70 በ6 ሲባዛ 420 ቃል። ለጸሐፊው የሚነገረው እንግዲህ ይህ ነው፤ "420 ቃል፣ ስምንት አንቀጽ፣ አንድ ፎቶ"።

ከእንግሊዝኛ የተወሰደ የቃል ልክ እዚህ ላይ ያሳስታል። አማርኛ መስተዋድዱን፣ አሉታውንና ባለቤቱን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይይዛል። "እንደማይመጡላቸው" አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው ለዚሁ ስድስት ሰባት ቃል ያወጣል። ስለዚህ የእኛ ቃላት በቁጥር ያንሳሉ፤ በርዝመት ይበልጣሉ። ገጹን ገና ጽሑፍ ሳይመጣ ነድፎ ለመጠበቅ የሚፈልግ ዲዛይነርም በፕሮግራሙ የላቲን መሙያ ጽሑፍ አይለካ። ያለፈውን ዓመት መጽሔት አንድ አማርኛ ጽሑፍ ገልብጦ ይጠቀም። እውነተኛው ልክ ያኔ ይታያል።

ጸሐፊው ኢንዲዛይን ከሌለው በወርድ ራሱን መቆጣጠር ይችላል። ኅዳጉን አስፍቶ የመስመሩን ስፋት 8.2 ሴንቲ ሜትር ያድርግ። ያንኑ ፎንት፣ ያንኑ መጠን ይምረጥ። የመስመሩን ርቀት በትክክል 14 ነጥብ ላይ ይቆልፍ። ከዚያ የመስመር ቁጥር ማሳያውን ይክፈት። የወርድና የኢንዲዛይን መስመር ሙሉ በሙሉ አንድ ባይሆንም ቅርብ ነው። የአንቀጾቹ ጎዶሎ መስመሮችም እዚህ ላይ ስለሚቆጠሩ 74 ሲደርስ ያቁም።

አንዲት ቃል አንድ መስመር ስትይዝ

ቀመሩን አሰላን፤ ጽሑፉም መጣ። ግን ሰባት መስመር በዝቷል። አሁን ነው ሥራው የሚጀምረው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከላይ እስከ ታች እየሄደ ቃል ይለቅማል። አንዲት "በጣም" እዚህ፣ አንዲት "እጅግ" እዚያ ያወጣል። አሥር ቃል አውጥቶ ሲያይ አንድ መስመር ብቻ ቀንሷል። ተስፋ ቆርጦ ፊደሉን ያሳንሳል። ያልታየው ነገር ቦታ የሚለቀቀው በመስመር መሆኑ ነው። ከአንቀጽ መሐል አምስት ቃል ብታወጡ፣ የአንቀጹ የመጨረሻ መስመር ረጅም ከሆነ፣ ያ መስመር አጠረ እንጂ አልጠፋም። ምንም ቦታ አላገኛችሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ የአንቀጾቹን ጫፍ እዩ። የመጨረሻ መስመሩ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ የቀረበትን አንቀጽ ፈልጉ። እዚያ አንቀጽ ውስጥ ከየትም ቦታ ሁለት ቃል ብታወጡ ሙሉ መስመር ይመለሳል። በስምንት አንቀጽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሦስት ጫፍ ብታገኙ በስድስት ቃል ሦስት መስመር አተረፋችሁ። ጸሐፊው ራሱ ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል። እኔ ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነን ሰው አንድ ነገር ብቻ ላስተምር ብባል የማስተምረው ይህን ነው።

የተረፈው ብዙ ከሆነ ግን በዚህ አይደረስም። ሃያ መስመር ከበዛ ቃል መልቀም ጽሑፉን ያከሳዋል። ሥጋው ሳይኖር አጥንቱ ይቀራል። ያኔ ሙሉ አንቀጽ፣ ሙሉ ሐሳብ ይውጣ። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው መግቢያው ነው። "ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት ያለው ፋይዳ ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል" ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ቢወጣ ማንም አይፈልገውም። ነገሩ የሚጀምረው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው።

በሁለቱ መሐል ላለው፣ ማለትም አምስትም አሥርም መስመር ለበዛበት፣ መፍትሔው የአማርኛችንን ስብ ማንሳት ነው። የቢሮ አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። አንድ ምሳሌ እንይ።

"በአሁኑ ሰዓት በባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሚገኘውና በዓባይ ወንዝ ላይ የተገነባው አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም በግንቦት ወር ላይ ተመርቆ ለአገልግሎት ክፍት እንዲሆን የተደረገ ሲሆን ድልድዩም 380 ሜትር ርዝመት ያለው ከመሆኑም በላይ 43 ሜትር ስፋት ያለው መሆኑ ይታወቃል።"

ይህ 37 ቃል ነው። አሁን ደግሞ ይህን ያንብቡ።

"በባሕር ዳር በዓባይ ላይ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም ተመረቀ። ርዝመቱ 380፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው።"

17 ቃል። አንድም መረጃ አልጠፋም። ግንቦት ወር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዓባይ ወንዝ መሆኑን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። የተመረቀ ድልድይ አገልግሎት ላይ መዋሉም ግልጽ ነው። ሌላው የወጣው "ሲሆን"፣ "ከመሆኑም በላይ"፣ "መሆኑ ይታወቃል" የሚለውና የመሳሰለው ነው። እነዚህ ሦስቱ በየጽሑፉ አሉ። "በማከናወን ላይ ይገኛሉ" የሚለው "እያከናወኑ ነው" ይሆናል። "የማጠናቀቅ ሥራ እየተሠራ ይገኛል" የሚለው "እየተጠናቀቀ ነው" ይሆናል። "ከዚህ ጋር በተያያዘ" ብዙ ጊዜ ምንም ሳይተካ ይወጣል። አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ አራት ጊዜ "ገለጹ፣ አስረዱ፣ አብራሩ፣ አያይዘውም ጠቆሙ" ከተባለ ሦስቱ ትርፍ ናቸው።

ማጠር ድህነት የሚመስላቸው ጸሐፊዎች አሉ። ጎጃም ላይ ቆሞ ይህን ማለት ግን ይከብዳል። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ አገር ናቸው። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ነው። ዘአምላኪየ ሦስት፣ መወድስ ስምንት። ተማሪው ሐሳቤ አልገባም ብሎ ለጉባኤ ቃና ሦስተኛ ቤት አይለምንም። ቃሉን ይመርጣል፤ ሰሙንም ወርቁንም እዚያችው ላይ ያሳድራል። የመጽሔት ሳጥንም እንደዚያ ቢታይ ደስ ይለኛል።

የማይነካው

ቦታ ለማግኘት ሲባል የማይቆረጥ ነገር አለ። ሰው ስም ላይ ያለ ማዕረግ አንዱ ነው። መሪጌታውን በስማቸው ብቻ ጠርቶ አንድ ቃል ማትረፍ በአገራችን ንቀት ነው። ከአንዱ ላይ "አቶ" ተነሥቶ ሌላው ላይ ከቀረም ቅር ያሰኛል። ማዕረግ የሚነሣ ከሆነ በመጽሔቱ ሁሉ በአንድ ደንብ ይሁን፤ ደንቡም ለኮሚቴው ቀድሞ ይነገር። "ተናገሩ" የሚለውን "ተናገረ" ማድረግ ደግሞ ቦታም አያተርፍ፤ ማስቀየም ብቻ ነው።

"ት/ቤት"፣ "ጽ/ቤት"፣ "መ/ር" የሚሉት አጫጭር አጻጻፎች ጥሩ መሣሪያ ናቸው። ርዕስ ላይ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የፎቶ መግለጫ ላይ ያምራሉ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንዴ "ትምህርት ቤት" አንዴ "ት/ቤት" ማለት ግን መስመር ሲጠበን ያደረግነው መሆኑን ያሳብቃል። የመሥሪያ ቤት ረጅም ስም መጀመሪያ ላይ አንዴ ሙሉውን ተጽፎ ከዚያ "ቢሮው" ወይም "ክልሉ" ቢባል ይበቃል።

ሰው በቀጥታ የተናገረው ቃልም፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ አይነካም። ከረዘመ ትእምርተ ጥቅሱን አንሥቶ ሐሳቡን በራስ ቃል ማስቀመጥ ይሻላል። ገንዘብ፣ ቀንና ቁጥር ያለበት ዓረፍተ ነገር ከታረመ በኋላ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ተመሳክሮ ይነበብ።

ፊደሉን መጭመቅ እስከ የት?

ፕሮግራሞቹ ጽሑፍን የሚጨምቁበት ብዙ መንገድ አላቸው። የፊደሎቹን ርቀት ማጥበብ፣ ፊደሉን በጎን ማቅጠን፣ የመስመሮቹን ርቀት መቀነስ። ማይክሮሶፍት ፐብሊሸር ጽሑፉ ሲተርፍ ፊደሉን በራሱ የሚያሳንስበት ምርጫም አለው። ይህን ምርጫ አጥፉት እላለሁ። አንዱ ገጽ በ11፣ ሌላው በ9 ፊደል የታተመ መጽሔት የሚወጣው ከዚህ ነው። በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት ለፐብሊሸር የሚሰጠውን ድጋፍ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 2026 እንደሚያቆም አስታውቋል። በፐብሊሸር የሚሠሩ ጽሕፈት ቤቶች ከአሁኑ ስክራይበስን ቢሞክሩ ይበጃል።

የፊደል ርቀት ማጥበብ ለአንድ ነገር ብቻ ይጠቅማል። ኢንዲዛይን ርቀቱን የሚለካው በፊደሉ መጠን አንድ ሺኛ ነው። 11 ነጥብ ፊደል ላይ አሥር ብትቀንሱ ከእያንዳንዱ ፊደል 0.11 ነጥብ ይሄዳል። 34 ፊደል ባለው መስመር ላይ አራት ነጥብ እንኳ አይሞላም። የአንድ ፊደል ግማሽ ቢሆን ነው። ስለዚህ በአንቀጽ ጫፍ ላይ የቀረች አጭር ቃልን ወደ ላይ ለመመለስ፣ በዚያ አንቀጽ ላይ ብቻ ልትረዳ ትችላለች። ከዚያ በላይ ከተገፋ የእኛ ፊደል ይጎዳል። የካዕብ ምልክት በቀኝ በኩል ነው፤ ሉን፣ ቡን፣ ሱን እዩ። ሣልሱም ኃምሱም ምልክቱ በቀኝ እግር ላይ ነው። ፊደሎቹ ሲጣበቁ ምልክቷ ከሚቀጥለው ፊደል ጋር ትነካካለች። "ለ" ይሁን "ሉ" መለየት ያስቸግራል። በላቲን ፊደል ላይ የማይታይ ጉዳት እዚህ ላይ ቃል ያስለውጣል።

የመስመር ርቀትም እንደዚሁ። ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠው የፊደሉን 120 በመቶ ነው። ለላቲን የታሰበ ነው። በላቲን ትንንሹ ፊደል ሲጻፍ ብዙው ቁመት ባዶ ነው፤ ዓይን እዚያ ያርፋል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም መስመሩን ይሞሉታል። በ120 ሲቀመጥ ገጹ ይጨልማል። እኔ ከ125 በታች ባይወርድ እመርጣለሁ።

ዓምድን በጣም ማጥበብም ችግር አለው። በብራና ዘመን ጸሐፊው መስመሩ ሲሞላ ቃሉን ከየትኛውም ፊደል ላይ ሰብሮ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ቃል ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ስለሆነ አንባቢ አይሳሳትም። ዓምዶቹም ያለ ቀዳዳ እኩል ይሞሉ ነበር። ዛሬ ቃል የምንለየው በክፍተት ነው፤ ቃልም አንሰብርም። ረጅሙ የአማርኛ ቃል ለመስመሩ ካልበቃ ሙሉውን ወደ ታች ይወርዳል። መስመሩ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይሁን ከተባለ ደግሞ የቀሩት ሦስት ቃላት ተበታትነው በመሐላቸው ትልልቅ ቀዳዳ ይፈጠራል። ጠባብ ሳጥን ውስጥ በግራ ብቻ ማስተካከል ይሻላል፤ ቀኙ ቢወጣ ቢገባ ምንም አይደለም።

አርታዒና ዲዛይነር ሁለት ሰው ሲሆኑ

አንድ ሰው ሁለቱንም ሲሠራ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ሲሆኑ ፋይል መመላለስ ይመጣል። ዲዛይነሩ "ስድስት መስመር በዝቷል" ይላል፤ አርታዒው በወርድ ቀንሶ ይልካል፤ ሲገባ አሁንም ሁለት ይተርፋል። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ኢንኮፒ ነው። ከኢንዲዛይን ጋር አብሮ ይሠራል። አርታዒው ጽሑፉን ብቻ ይከፍታል፤ የገጹን አቀማመጥ መቀየር አይችልም። በመስኮቱ ላይ አንድ መለኪያ አለ። ጽሑፉ ካልሞላ ሰማያዊ ሆኖ ስንት እንደጎደለ፣ ከተረፈ ቀይ ሆኖ ስንት እንደበዛ ያሳያል። አርታዒው እየቆረጠ ቁጥሩ ሲወርድ ያያል። በሳምንት በሳምንት ለሚወጣ ኅትመት ጊዜ ያድናል። በዓመት አንድ መጽሔት ለሚያወጣ ኮሚቴ ግን አስፈላጊ አይደለም። አንድ ከሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጦ ስቶሪ ኤዲተሩን አብሮ ማየት ይበቃል።

ጽሑፉ ከቦታው ካነሰስ? አትዘርጉት። ፎቶውን አሳድጉ፤ መግለጫውን ሙሉ አድርጉት፤ ማን ከግራ ማን ከቀኝ እንደቆመ ጻፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን መጽሔት የሚያነሣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እሱን ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት

ቡሬ ወይም ቢቸና ላይ የተሰናዳ መጽሔት ባሕር ዳር ሊታተም ይችላል። የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር እናንተ የተጠቀማችሁበት ፎንት ከሌለው ሌላ ይተካል። ፎንቱ ሲቀየር መስመሩ ሁሉ ይቀየራል። ስንት ቀን የተለፋበት ልክ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል፤ የዕድሩ "አይደለም" ከሳጥኑ ትወጣለች። ስለዚህ ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ ይላክ። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል።

ከመላካችሁ በፊት ፒዲኤፉን በእውነተኛ መጠኑ አትማችሁ የእያንዳንዱን ሳጥን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንብቡ። ማሰሪያ ግሡ አለ? አራት ነጥቡ አለ?

ገጹ ካለቀ በኋላ የሚመጣ እርማት አይቀርም። የአንዱ ስም ተረስቷል፤ የአንዱ ዓመት ተሳስቷል። በዚህ ሰዓት አንድ ቃል ሲጨመር አንድ ቃል ከዚያው አንቀጽ ይውጣ። አንድ መስመር ብትጨምር ጽሑፉ ወደ ሌላ ገጽ በሚቀጥልበት ቦታ ሁሉ መስመሩ ይንሸራተታል፤ እስከ መጨረሻው ሳጥን ድረስ እንደገና ማየት ያስፈልጋል። እርማት አምጪው ራሱ "ይህን አስገቡ፤ በምትኩ ይህን አውጡ" ብሎ ቢመጣ ሥራው በአምስት ደቂቃ ያልቃል።